ኮዱ ይሠራል፤ እኔ ግን አላውቀውም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። የሶፍትዌር ገንቢ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ድርጅታችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁላችንም በኤአይ ኮድ መጻፊያ እንድንጠቀም አዟል። ማን ስንት ፑል ሪኩዌስት (ወደ ጋራው ኮድ እንዲገባ የሚቀርብ የለውጥ ጥያቄ) እንዳስገባም በየሳምንቱ በሠንጠረዥ ይለጠፋል። እኔም ከሠንጠረዡ ግርጌ ላለመገኘት ስል ሁሉን ነገር ለኤጀንቱ (ትዕዛዝ ተቀብሎ ኮዱን ራሱ ለሚጽፈው ኤአይ) እሰጠዋለሁ። ኮዱ ይሠራል፤ እኔ ግን አላውቀውም። በቅርቡ የክፍያ ሲስተማችን አንዳንድ ደንበኞችን ሁለት ጊዜ አስከፈለ። ኮዱ በስሜ የገባ ስለነበር ተጠየቅኩ፤ አንዲት መስመር እንኳ ማስረዳት አቃተኝ። አንዱ ባልደረባዬ «ከእንግዲህ ኮድ ማንበብ ቀረ» ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ መሣሪያውን ጭራሽ አትነካውም። እኔ አሁን ያለ እሱ ቀላል ሉፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግም የኮድ ክፍል) ለመጻፍ ስቀመጥ እንኳ እጄ ይተሳሰራል። ልተወው ወይስ እጄን ልስጥ? (ግራ የገባኝ ገንቢ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

መተውም እጅ መስጠትም አያስፈልግዎትም። ማስረዳት የማይችሉትን ኮድ በስምዎ አያስገቡ፤ የሥራ አካሄድዎንም ለዚህ በሚመች መንገድ ይቀይሩ። ይህን ለማለት አፍ አይከብደውም፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን ዝርዝር ይፈልጋል።

ከድርብ ክፍያው እንጀምር። ኮዱን አላየነውም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚገባበት በር የታወቀ ነው። ገንቢው «የክፍያ ጥሪው አልፎ አልፎ ይቋረጣል፣ አስተካክለው» ብሎ ያዝዛል። መሣሪያውም በ5 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ጥሪውን እስከ 3 ጊዜ የሚደጋግም፣ ሲያዩት የሚያምር ኮድ ያቀርባል። ቴስቱ (ኮዱን የሚፈትሸው ፕሮግራም) ያልፋል። ነገር ግን መልስ አልመጣም ማለት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ጥያቄው ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቀንሶ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሁለተኛው ሙከራ ሁለተኛ ክፍያ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ልዩ መለያ መፍጠር፣ የመጀመሪያው ጥሪ ከመላኩ በፊት ዳታቤዝ ላይ መመዝገብና በሁሉም ሙከራዎች ያንኑ መለያ መላክ ነው። የክፍያ አገልግሎቱ እንዲህ ያለ መለያ የሚቀበል ከሆነ ዳግመኛ ሲያየው አዲስ ክፍያ አይፈጽምም፤ የፊተኛውን ውጤት መልሶ ይልካል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መለያውን የምትፈጥረው መስመር ከሉፑ በላይ መሆን ሲገባት ሉፑ ውስጥ ከገባች፣ እያንዳንዱ ሙከራ የራሱን አዲስ መለያ ይዞ ይሄዳል። ኮዱ ጠንቃቃ ይመስላል፤ ሪቪው የሚያደርገውም (ኮዱን አንብቦ የሚገመግመውም) ሰው የመለያውን ስም አይቶ «ታስቦበታል» ብሎ ያልፋል። የሚከላከለው ነገር ግን የለም። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንዲት መስመር ሁለት ረድፍ ዝቅ ማለቷ ነው። ተራ ቴስትም አይዘውም፤ ቴስቱ ውስጥ ያለው አስመሳይ የክፍያ አገልግሎት ወይ ወዲያው «ተሳክቷል» ይላል፣ ወይ ወዲያው «አልተሳካም» ይላል። ስህተቱን የሚይዘው «ገንዘቡን ቀንስ፣ ከዚያ መልስ ሳትሰጥ ዝም በል» የሚል አስመሳይ ነው።

ይህን ቴስት ዛሬውኑ ይጻፉት። ቀጥለው ያው ደንበኛ በ2 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ የገንዘብ መጠን ሁለት ጊዜ የከፈለበትን መዝገብ ሁሉ ከዳታቤዙ አውጥተው ለሒሳብ ክፍሉ ይስጡ። ተመሳሳይ ሉፕ ኢሜይል መላኪያው ላይ ወይም ክምችት መቀነሻው ላይ እንዳለም ያጣሩ፤ አንድ ቦታ የገባ አጻጻፍ ሌላም ቦታ ይገባል።

እዚህ ላይ ይህን ያህል የቆየነው የጎደለው ኮድ የመጻፍ ችሎታ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ስለ ልዩ መለያው ጠይቀውት ቢሆን መሣሪያው አሳምሮ ያስረዳዎት ነበር። ግን የተጠየቀው ጥሪው እንዳይቋረጥ ነው፤ ገንዘብ ሁለት ጊዜ መቀነስ እንደሌለበት የነገረው የለም።

ስለዚህ ለኤጀንቱ ሥራ ከመስጠትዎ በፊት አምስት ስድስት መስመር በራስዎ እጅ ይጻፉ። ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ የትኞቹን ፋይሎች መንካት ይፈቀድለታል፣ በጭራሽ መሆን የሌለበትስ ምንድን ነው? የመጨረሻዋን መመለስ ካቃተዎት ሥራውን ገና አልተረዱትም፤ ኤጀንቱም አይረዳልዎትም። ብዙ ሰው ፕሮምፕት (ለኤአይ የሚጻፍ ትዕዛዝ) ማሳመር ላይ ጊዜውን ያጠፋል። ከዚያ ይልቅ ይህችን አንዲት ጥያቄ መመለስ ይበልጣል።

ሥራውን ትንሽ ያድርጉት። ሰው በአንድ መቀመጫ በቅጡ ሪቪው ማድረግ የሚችለው ከ200 እስከ 400 መስመር ያህል ነው፤ ይህ ኤአይ ከመምጣቱ በፊትም የታወቀ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን መስመሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አያነብም። ኤጀንት በአንድ ጊዜ 1,200 መስመር ካመጣልዎት ጥፋቱ የተሰጠው ሥራ ስፋት ነው። ለመጀመር የተለየ ብራንች (ከዋናው ኮድ የተለየ የሥራ ቅርንጫፍ) ይክፈቱ፤ ያልተቀመጠ ለውጥ ካለዎት ኮሚት ያድርጉ (በታሪክ መዝገቡ ላይ ያስቀምጡ)። ኤጀንቱ ያበላሸውን በአንድ ትዕዛዝ መመለስ የሚቻለው መነሻው ንጹሕ ሲሆን ነው።

ሁለት ጊዜ አርመውት አሁንም ካልተሳካለት ሦስተኛ አይከራከሩት። የተሳሳቱት ሙከራዎች በሙሉ ንግግሩ ውስጥ ስለሚቀሩ መሣሪያው ቀጣዩን መልስ ሲያዘጋጅ እነሱንም እያነበበ ነው፤ አንዴ ከሳተ በዚያው ይጎተታል። ለውጡን ይጣሉ፣ አዲስ ንግግር ይክፈቱ፣ ከውድቀቱ ያወቁትን በመጀመሪያው መመሪያ ላይ ይጨምሩ። ለጣሉት ኮድ አይዘኑ፤ የእርስዎን ጊዜ እንጂ የእጅዎን ሥራ አልወሰደም።

ቴስትን በተመለከተ ጠንከር ይበሉ። ኮዱንም ቴስቱንም ያው መሣሪያ ከጻፋቸው ሁለቱም በአንድ የተሳሳተ ግምት ላይ ተስማምተው አረንጓዴ ያበራሉ። ቢያንስ የሚጠበቀውን ውጤት እርስዎ በእጅዎ አስልተው ያስገቡ፤ ኮዱ ከመጻፉ በፊትም ቴስቱ ሲወድቅ ይዩት። ወድቆ ያላዩት ቴስት ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ኤጀንቱ የቴስቶችን ፎልደር እንዳይነካ ይዘዙት። ይህም ሆኖ ለውጡን ሲያነቡ የተሰረዘ፣ የተዘለለ ወይም ልል የተደረገ ቴስት እንዳለ ይፈትሹ። «ቴስቱ እንዲያልፍ አድርግ» የተባለ ኤጀንት አንዳንዴ ቃሉን እንደ ወረደ ይወስደዋልና ኮዱን ትቶ ቴስቱን ያስተካክላል። ሌላም ተንኮል የሚመስል ነገር ያደርጋል፦ ማንኛውንም ስህተት አፍኖ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን «ሪፖርቱ ለምን ባዶ ሆነ?» የሚል ስልክ ይደወላል።

ዲፉን (የተጨመሩና የተሰረዙ መስመሮችን የሚያሳየውን ዝርዝር) ከላይ ወደ ታች አያንብቡት። በመጀመሪያ የተሰረዙትን መስመሮች ይዩ፤ ሰው የተጨመረውን እያየ የተቀነሰውን ይረሳል፤ የፈቃድ ማረጋገጫ የምትጠፋውም እንዲያ ነው። ቀጥሎ አዲስ የተጨመሩ ፓኬጆችን (ሌሎች ጽፈው ያሳተሟቸውን ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች)፣ ከዚያ ዳታቤዝ የሚለውጡ ፋይሎችን፣ ከዚያ ስህተት የሚያዝበትን ቦታ ይዩ። የቀረውን ሲደክምዎት ማንበብ ይችላሉ።

ፓኬጆቹን ለብቻ ያነሳናቸው በምክንያት ነው። የቋንቋ ሞዴሎች በዓለም ላይ የሌለ ፓኬጅ ስም ፈጥረው በሙሉ ልብ ይጠራሉ። በ16 ሞዴሎች የተጻፉ 576,000 የፓይተንና የጃቫስክሪፕት ኮድ ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት፣ ከተጠቆሙት ፓኬጆች የሌሉ ሆነው የተገኙት በንግድ ሞዴሎች በአማካይ ቢያንስ 5.2 በመቶ፣ በክፍት ሞዴሎች ደግሞ 21.7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይበልጥ የሚያሳስበው ያው ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲደገም ከፈጠራ ስሞቹ 43 በመቶው አሥሩንም ጊዜ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። የሚደጋገም ስም ደግሞ አስቀድሞ ሊገመት ይችላል፤ ክፉ ሰው ስሙን ቀድሞ አስመዝግቦ የራሱን ኮድ ያስቀምጥበታል። ስለዚህ «ተጭኗል፣ ስለዚህ አለ» አይበሉ። መቼ እንደወጣ፣ የኮዱ ማከማቻ የት እንደሆነ፣ ስንት ስሪት እንዳለው ይመልከቱ። ትናንት ታትሞ አንድ ስሪት ብቻ ያለው ከሆነ አይንኩት።

ሞዴሉ የተማረው አሮጌ ኮድ መሆኑንም አይርሱ። የአሁኑን የዩቲሲ (የዓለም አቀፍ መለኪያ) ሰዓት በፓይተን ሲጠይቁት «ዩቲሲናው» የምትባለውን ፈንክሽን ሊሰጥዎት ይችላል፤ እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከፓይተን 3.12 ጀምሮ እንድትተው የተመከረች ናት። ምክንያቱም የምትመልሰው ሰዓት የየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሆነ ምልክት የለውም፤ ሌላ ፈንክሽን የኮምፒውተሩ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። በምትኩ የሰዓት ቀጠናውን ራስዎ «ናው» ለምትባለው ፈንክሽን ማቀበል ነው። የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ ስሪት በመመሪያው ላይ ይጻፉ፤ የዚያን ስሪት ሰነድም አብረው ይስጡት።

ስለ ምስጢር ነገሮች ባጭሩ፦ ኤጀንቱ የሙከራ ዳታቤዝ ብቻ ይድረሰው፣ የፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ቁልፍ ባለበት ፎልደር አይሥራ፣ መሰረዝ የሚችል ትዕዛዝ ሳይጠይቅዎት አይፈጽም። ከድረ ገጽ ወይም ከደንበኛ አስተያየት ያነበበውን ጽሑፍ እንደ ትዕዛዝ ሊወስደው ስለሚችል፣ ያልታመነ ጽሑፍ የሚያነብ ኤጀንት የይለፍ ቃል እጁ ላይ ሊኖር አይገባም።

ወደ ባልደረቦችዎ ክርክር እንምጣ። «ኮድ ማንበብ ቀረ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፓይለርን (ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም) ይጠቅሳል፦ ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመጣ ወዲህ የማሽን ቋንቋ ማንበብ እንደቀረ ሁሉ ይህም ይቀራል ይላል። ሙግቱ ደህና ይመስላል፤ ውኃ ግን አያነሳም። ኮምፓይለር የተጻፈ ደንብ አለው፤ ያው ኮድ ከገባበት ያንኑ ትርጉም የያዘ ውጤት ያወጣል፤ ከሳተም ስህተት ነው ተብሎ ይታረማል። የቋንቋ ሞዴል እንዲህ ያለ ውል አልፈረመም። ለደኅንነት አሳሳቢ በሆኑ 89 ሁኔታዎች ጊትሃብ ኮፓይለት የተባለውን የኤአይ ኮድ መጻፊያ የፈተነ የእ.ኤ.አ. 2021 ጥናት ከወጡት 1,689 ፕሮግራሞች 40 በመቶ ገደማው ክፍተት እንዳለባቸው አግኝቷል። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የገንቢዎች መጠያየቂያ ድረ ገጽ ባደረገው ዳሰሳ ላይ 66 በመቶው «ትክክል ሊሆን ጥቂት የቀረው» መልስ እንደሚያበሳጫቸው ተናግረዋል። ጭራሽ የተሳሳተው ወዲያው ይታወቃል፤ ጥቂት የቀረው ነው ፕሮዳክሽን የሚገባው።

መሣሪያውን የማትነካው ባልደረባዎም ያለ ጥቅም የምትደክምበት ቦታ አለ። የውቅር ፋይል፣ አንዱን የዳታ ዓይነት ወደ ሌላ መቀየሪያ፣ አንዴ ሠርቶ የሚጣል ስክሪፕት፣ ተደጋጋሚ ፎርም፣ ጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር፦ እነዚህን ለኤአይ ሰጥቶ ውጤቱን ማረጋገጥ ጤነኛ ነገር ነው። ስህተቱ በቶሎ የሚታይና ጉዳቱ ትንሽ የሆነ ሥራ ሁሉ ለዚህ ይመቻል። ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ የዳታ ስረዛና በአንድ ጊዜ በብዙ ሰው የሚነካ መዝገብ ግን በተቃራኒው ነው፤ ስህተቱ ዘግይቶ ይታያል፣ ጉዳቱም አይመለስም።

የእጅዎ መተሳሰር ይፈታል፤ ነገር ግን «በሳምንት አንድ ቀን ያለ ኤአይ» ዓይነት ጾም ብዙም አይረዳም፤ ዴድላይን በመጣ ቁጥር ይሰረዛል። ከዚያ ይልቅ ሲጽፉ ራሱ እየቀደመ በግራጫ ቀለም የሚመጣውን ጥቆማ ያጥፉት፤ በቁልፍ ሲጠሩት ብቻ እንዲመጣ ያድርጉ። የሚጎዳው እሱ ነው፤ ሐሳብዎ ሳይጠናቀቅ መልስ ስለሚያሳይ ማሰብን በመምረጥ ይተካል። ባግ (የኮድ ስህተት) ሲገጥምዎት የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ብቻዎን ይሁኑ፦ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አንድ ግምት ይጻፉ፣ ግምቱን የሚያፈርስ አንድ ነገር ይሞክሩ፣ ያገኙትን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ኤአይን ሲጠይቁ «አስተካክልልኝ» ሳይሆን «ግምቴ ይህ ነው፣ የት ላይ ተሳሳትኩ?» ይበሉት። ኮዱን ከማስገባትዎ በፊትም ፋይሉን ዘግተው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ምን ያደርጋል፣ ለምን በዚህ መንገድ ተሠራ፣ የሚሰበረው በምን ጊዜ ነው። መጻፍ ካልቻሉ አላነበቡትም ማለት ነውና ተመልሰው ያንብቡ። ሦስቱንም የፑል ሪኩዌስቱ ማብራሪያ ላይ ይለጥፏቸው። የዚያን ቀን ሲጠየቁ የጎደለዎት እነዚህ ናቸው።

«ይህ ሁሉ ያዘገየኛል» ይሉ ይሆናል። ፍጥነት እንደሚሰማን ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜተር የተባለ የምርምር ድርጅት ለዓመታት በሚያውቁት የክፍት ምንጭ ኮድ ላይ የሚሠሩ 16 ልምድ ያላቸው ገንቢዎችን ወስዶ፣ 246 ሥራዎችን በዕጣ ከፋፍሎ አንዳንዶቹን ኤአይ ፈቅዶ፣ ሌሎቹን ያለ ኤአይ አሠራቸው። ገንቢዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ጊዜያቸው በ24 በመቶ እንደሚቀንስ ገምተው ነበር፤ ከጨረሱም በኋላ በ20 በመቶ ቀንሷል ብለው አመኑ። ሲለካ ግን 19 በመቶ ረዝሞ ተገኘ። ውጤቱ ስለ እነዚያ ሰዎች፣ ስለ እነዚያ ኮዶችና ስለዚያ ወቅት መሣሪያዎች ነው፤ ኮዱን ለማያውቅ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ የሚጠቅመው በስሜቱና በሰዓቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። «ቸኩያለሁ፣ አላነብም» ከማለትዎ በፊት ሰዓት ይያዙ።

የቀረው የሠንጠረዡ ጉዳይ ነው። መሣሪያውን ከሚያዝዝ አለቃ ጋር ስለ መሣሪያው አይከራከሩ፤ ስለ መለኪያው ይነጋገሩ። የፑል ሪኩዌስት ብዛት ሽልማት ከሆነ ሰው ብዛት ያመርታል፤ ድካሙም ወደ ሪቪው አድራጊው ይሻገራል፤ ኮዱን በአንድ ደቂቃ ያስወጣ ሰው ሌላውን አንድ ሰዓት ያስነብበዋል። ይህን በቃል ቢናገሩት ሰበብ ይመስላል። የአራት ሳምንት ቁጥር ይዘው ይግቡ፦ ስንት ፑል ሪኩዌስት ገባ፣ ከእነዚያ ስንቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ ወይም ታረመ፣ ሪቪው ለማግኘት ስንት ሰዓት ተጠበቀ። እነዚህ ከጊት (የኮድ ለውጦችን ከሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪክና ፑል ሪኩዌስት ከሚቀርብበት መድረክ መዝገብ ይወጣሉ። በምትኩ የሚያቀርቡትም አለ፤ ዶራ የተባለው የምርምር ቡድን ያስለመዳቸው አራት መለኪያዎች በብዙ ቡድኖች የታወቁ ናቸው፦ በስንት ጊዜ ወደ ፕሮዳክሽን ይላካል፣ ከኮሚት እስከዚያ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ከተላከው ስንቱ ችግር ያመጣል፣ ሲበላሽስ በስንት ጊዜ ይነሳል። የዚሁ ቡድን የእ.ኤ.አ. 2024 ሪፖርት የኤአይ አጠቃቀም በ25 በመቶ ሲጨምር የሶፍትዌር አቅርቦት መረጋጋት (የተላከው ለውጥ ችግር ሳያመጣ መሥራቱ) በ7.2 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምቷል፤ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ያለውም በአንድ ጊዜ የሚገባው ለውጥ መተለቁን ነው። አለቆች የራሳቸውን ቡድን ቁጥር ከዚህ አጠገብ ሲያዩ ይሰማሉ።

ካልሰሙም መውጫ አለዎት። 1,200 መስመሩን ለአራት ከፍለው እያንዳንዱን እያነበቡ ቢያስገቡ፣ ያው ሠንጠረዥ ስምዎን ወደ ላይ ያወጣዋል።